ቀላሉ መንገድ በማዳም ቫላድ በር

ሌዮንስ ማዛል ሰው መንገድ እንዳይስት ሲደክም የኖረ ሰው ነው። እሱ ራሱ ግን ከቤቱ አራት ኪሎ ሜትር እንኳ የማትርቅ አንዲት በር ለመድረስ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ጠፍቶበት እንደኖረ ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሳያውቅ የቀረው እሱ ብቻ ነው። እኛም አልነገርነውም። ቮብራክ ትንሽ መንደር ናት፤ መዝናኛ እንደ ልብ አይገኝባትም።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአውራጃው ከተማ የመሬት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሌሎችን አጥርና ድንበር በቀጭን እስክሪብቶ ሲያሰምር ኖረ። ሚስት አላገባም። ለምን እንደሆነ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ማመልከቻውን የማስገባበት ቢሮ አላገኘሁም ይል ነበር እያልን እንቀልዳለን። የኖረው ከእናቱ ጋር ነው። እናቱ በዘጠና አንድ ዓመታቸው ሲያርፉ ቤቱ ጭር አለበት። ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የእግር መንገድ ማኅበራችን ቢሮ መጣና "የሚሠራ ነገር ካለ" አለ። አንድ ጣሳ ቢጫ ቀለም፣ አንድ ብሩሽና አንድ የሽቦ ብሩሽ ሰጡት። በዚያው ዓመት የማኅበሩ ጸሐፊም ሆነ። ቃለ ጉባኤ መያዝ የሚወድ ሰው ሲገኝ ማን ይለቀዋል?

ለእግረኞች በየዛፉና በየምሰሶው የምንቀባው ምልክት ሕግ አጭር ነው። አንድ አግዳሚ ቢጫ ሰረዝ፣ አሥር ሴንቲሜትር በሁለት፣ ቀጥሉ ማለት ነው። ሰረዙ ከታጠፈ ታጠፉ፤ መስቀል ከሆነ በዚህ አትሂዱ። ሌዮንስ ሰው ለሰው ሊለው የሚገባው ነገር ሁሉ በእነዚህ በሦስቱ የሚያልቅ ይመስለው ነበር። ሌሎቹ በዓይናቸው ገምተው ሲቀቡ እሱ ማስመሪያ ይዞ ይሄዳል። የዛፉን ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ፣ የተጣበቀበትን የዛፍ ሽበት አራግፎ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ያየውና፣ ሁለት ሚሊሜትር የተንጋደደ ከመሰለው ጠርጎ እንደገና ይጀምራል። አንድ ሰረዝ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል።

ቅርንጫፍ እየቆረጠ አብሮት የሚዞረው ኖርቤር ነው። ኖርቤር ጡረታ የወጣ ሥጋ ሻጭ ነው፤ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ሲመለምል እንኳ አጥንቱ የት ጋ እንዳለ የሚፈልግ ይመስላል። ሌዮንስ ሲቀባ ኖርቤር ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ዳቦና የአሳማ ቋሊማ ይበላል፤ በልቶ ሲጨርስም ወሬ ይጀምራል።

በእኛ አገር ያሉት መንገዶች ቀላል ናቸው። የሚያስፈራ ገደል የለም፤ የሚያስደንቅ ነገርም ቢሆን የለም። ቁጥቋጦ አጥር፣ ቀይ ላሞች፣ ጭቃ፣ እንደገና ላሞች። ሰው ከፓሪስ ድረስ ተሳፍሮ የሚመጣው ምንም እንደማይኖር እርግጠኛ ሆኖ ነው፤ አሳፍረነውም አናውቅም። ከሁሉም የታወቀው "ሦስቱ ምንጮች" የተባለው ነው። ከሦስቱ ምንጮች ሁለቱ ከደረቁ ቆይተዋል፤ ሦስተኛው አንድ በረት ሥር ነው ያለው። ስሙ ግን አልተለወጠም፤ ስም ለመለወጥ ስብሰባ መጥራት ያስፈልጋል። ሰባት ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሰዓት፣ "ቀላል" ይላል ማስታወቂያው። ሌዮንስ እጁን እስኪያገባበት ድረስ እውነትም ቀላል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሚያዝያ ነው። ሌዮንስ በድሮ መዝገብ ላይ ያያት፣ ወደ ላ ቬርኛድ የምትወስድ ጠባብ የእግር መንገድ አሁንም መኖሯን ሊያረጋግጥ ሄደ። መንገዷ አለች። መጨረሻዋ ላይ ከሁሉም ርቆ የተሠራ አንድ የድንጋይ ቤት ነበር፤ ደጁ ላይ የቆመው የእንጨት ምሰሶም እንደ ልብ የሚቀባ፣ ቀጥ ያለ፣ ደረቅ ምሰሶ ነበር። ሌዮንስ ቆሞ በአድናቆት ሲያየው መስኮት ተከፈተ።

"ምሰሶዬ ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ የሚያፈጡበት?"

ማዳም ሞሪሴት ቫላድ ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ከሊሞዥ ከተማ እቃዋን ጭና ወደ እናቷ ቤት ከተመለሰች ገና ሦስት ወሯ ነበር። ሌዮንስ ባርኔጣውን አነሳና ማስረዳት ጀመረ፤ የሰረዙ መጠን ለምን አሥር በሁለት እንደሆነ፣ ለምን ቢጫ እንደተመረጠ፣ ምልክት መብዛቱ ከማነሱ ይልቅ ሰውን እንደሚያሳስት፣ ቀለሙ እርጥብ እንጨት ላይ ቢቀባ ምን እንደሚሆን። ሩብ ሰዓት ወሰደበት። እሷ ሁለት ክንዷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ማንም፣ የገዛ እናቱ እንኳ፣ ይህን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ሰምቶለት አያውቅም። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው።

"መንታ መንገድ ላይ የደረሰው ሰው ሁለቱንም ቢወዳቸውስ?"

ደንቡ ስለዚህ ምንም አይልም። ሌዮንስ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሳምንቱን ሙሉም ሲያስብበት ከረመ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ "ሦስቱ ምንጮች" በላ ቬርኛድ በኩል ዞሮ እንዲያልፍ ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱን "ታሪካዊ የድንጋይ ገንዳ መኖሩ" ብሎ ጻፈ። ገንዳው አለ፤ ከብት ይጠጣበት የነበረ ገንዳ ነው፤ ታሪኩም ይኸው ብቻ ነው። ማኅበሩ ሳያነብ አጸደቀ።

እንግዲህ ሰባቱ ኪሎ ሜትር አሥር ተኩል ገደማ ሆነ፤ መሐሉ ላይም አንድ ወገብ የሚቆርጥ ዳገት ገባበት። ማስታወቂያው ግን "ሁለት ሰዓት፣ ቀላል" እንዳለ ቀረ። አንድ ጊዜ ከቤልጂግ የመጣ ቤተሰብ አያቱን ይዞ ወጣ፤ አያትየዋ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው "ከዚህ አልነቃነቅም፣ ልጆቼ፣ እዚሁ ቅበሩኝ" አሉ። ኖርቤር በመኪና ሄዶ አመጣቸው። "ገንዳህ አሁን ታሪክ አገኘ" አለው ሌዮንስን።

ከዚያ በኋላ ሌዮንስ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ በጠዋቱ፣ የማዳም ቫላድን ምሰሶ ሊያድስ ይሄዳል። እሷ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብሷን ስታራግፍ ታየዋለች።

"ቀለም ነው?"

"ቀለም ነው፣ ማዳም።"

"መቼ ይደርቃል?"

"በሁለት ሰዓት ውስጥ።"

ይኸው ነው። ሌዮንስ ዓመቱን ሙሉ ይኖርበታል። ያን ቀን ከቤቱ ሲወጣ ፂሙን ሁለት ጊዜ ይላጫል፤ ሲመለስ በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት እያፏጨ ያልፋል። ሌላ ቀን ሲያፏጭ የሰማው የለም።

"እኔ የማይገባኝ" ይለዋል ኖርቤር፣ ቋሊማውን እየላጠ፣ "የሌላውን ሁሉ ምሰሶ በሦስት ዓመት አንዴ ነው የምታድሰው። የእሷን በየዓመቱ! ቀለም የሚለቀው እሷ ደጅ ብቻ ነው?"

"ፀሐይ ይበዛበታል።"

"ወደ ሰሜን የዞረ ምሰሶ ነው፣ አንተ!"

"ነፋሱም አለ።"

"አዎ፣ ነፋሱ" ይላል ኖርቤር። "እኔም ወጣት እያለሁ እንደዚህ ያለ ነፋስ መትቶኝ ሦስት ልጆች ወልጃለሁ።"

ሌዮንስ አይስቅም። ያቺን በር ለማንኳኳት የማይደፍርበት ምክንያት ነበረውና። የተጻፈ፣ ቀን ያለበት ምክንያት።

መንገዱ ከዞረ በዓመቱ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ደብዳቤ ገባ። "የእናንተ እግረኞች ባሮ ሽንኩርቴን ረጋግጠው ጨረሱት" ይላል። "ኃላፊው ራሱ መጥቶ ቢያይ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ነኝ። ሞሪሴት ቫላድ፣ ላ ቬርኛድ፣ የመጨረሻው ቤት።" ሌዮንስ ደብዳቤውን ሲያነብ ወሽመጡ ቁርጥ አለ። በዚያው ቀን ቁጭ ብሎ መለሰ፦ "ደብዳቤዎ ደርሶናል። ቅሬታዎ ለሚመለከተው አካል ተላልፎ በመታየት ላይ ይገኛል። ከሠላምታ ጋር፣ ጸሐፊው።" የሚመለከተው አካል ሊቀመንበሩ ሙሴ ኮርባዝ ነው። እሱም የደብዳቤውን ግልባጭ ከነፖስታው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሌዮንስ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ማኅበሩን አስፈቅዶ በደጇ በኩል ሁለት ሜትር የሚረዝም ዝቅ ያለ አጥር አሠራ፤ ግማሹን ችካል በራሱ እጅ ቸከለ።

በዓመቱ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፤ እግረኞቹ ይንጫጫሉ። ሌዮንስ "እባክዎ በጸጥታ ይለፉ" የሚል ጽሑፍ ሰቀለ። በሦስተኛው ዓመት ውሻዋን ያስጮኹታል፤ ምሰሶውን ሳይነካ ሌላውን ምልክት አርባ እርምጃ ወደ ላይ አራቀ። በአራተኛው ቼሪዋን ይለቅሙባታል። በአምስተኛው ውኃ ስጪን እያሉ በር ይደበድባሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ደረሰ። የሁሉም መጨረሻ አንድ ነው፦ ኃላፊው ራሱ መጥቶ ቢያይ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ነኝ። ሌዮንስም በየጊዜው ለኃላፊው አስተላለፈ፤ ራሱ ግን ፊት እንዳትነሳው ፈርቶ ሁልጊዜ በጠዋት ብቻ ሄደ። እንዴት አድርጋ ብትጠላን ነው እያለ ያዝን ነበር። ቢሆንም ደብዳቤዎቹን በቀን ቅደም ተከተል ከትቶ፣ በሰማያዊ ማኅደር ይዞ፣ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን እቤቱ፣ አልጋው አጠገብ ነበር የሚያስቀምጣቸው። ይህን ደግሞ የትኛው ደንብ እንደሚፈቅድ እሱ ነው የሚያውቀው።

ዘንድሮ በመጋቢት ስብሰባ ተጠራ። ሙሴ ኮርባዝ ከሁላችንም ያነሰ የሚራመድ ሰው ስለሆነ ሊቀመንበር አድርገነዋል፤ መኪናውን ከማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ያቆምና ሰባት እርምጃ ሄዶ ስለ እግር ጉዞ ጥቅም ይናገራል። ያን ቀን ወረቀት እያውለበለበ ገባ። አስተዳደሩ "ቀላል መንገዶች ለሁሉም" የሚል አዲስ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው፤ ከስምንት ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ አይገባበትም።

"'ሦስቱ ምንጮች' ካልገባ ደግሞ ሰው አይመጣም" አለ ኮርባዝ። "ሰው ካልመጣ ዳቦ ቤታችን ይዘጋል። ስለዚህ ያ በላ ቬርኛድ የሚዞረው ጅራት ይቆረጥ።"

ሌዮንስ ቃለ ጉባኤ መጻፉን አቆመ። በስብሰባ መሐል እስክሪብቶውን ሲያስቀምጥ ስናይ የመጀመሪያችን ነው።

"ገንዳው አለ እኮ" አለ።

"የቱ ገንዳ?"

"ታሪካዊው።"

"ሌዮንስ፣ ገንዳማ አትክልት ቦታዬ ውስጥም አለ። ደግሞስ ለማን ብለን ነው የምንሟገተው? ሴትየዋ ራሷ አንገሽግሿታል። አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፋለች፤ አንተ አይደለህ እንዴ በቀን በቀኑ ያስቀመጥከው? የዚያች ሴት ምኞት አንድ ነው፤ ከእኛ ዘር ማንም በደጇ እንዳያልፍ።"

ሌዮንስ ወደ ኖርቤር ዞረ። ኖርቤር ኮርኒሱን ያያል። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። እጆች ወጡ። ሌዮንስ ትንሽ ቆየና የራሱንም አወጣ፤ የነዋሪዋ የጽሑፍ ጥያቄ ነውና ጸሐፊ ሆኖ ሊክደው አልቻለም። ምሰሶው ላይ ምልክት ከሌለ መታደስ የሚያስፈልገው ቀለም የለም፤ ቀለም ከሌለ ሚያዝያ የለም፤ ሚያዝያ ከሌለ ያቺን መስኮት የሚያይበት ሌላ ቀን በዓመቱ ውስጥ አልነበረም። እንግዲህ በመዝገብ ቤት እጁ ጥርት ባለ ጽሑፍ "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ብሎ ጻፈ።

ምልክት የሚያጠፋው የሠራው ሰው ነው፤ ልማዱ እንደዚያ ነው። በሚያዝያ ሁለተኛው ሳምንት፣ በጠዋቱ፣ ግራጫ ቀለም ይዞ ሄደ። ኖርቤርን አልጠራውም። ፂሙን ግን ሁለት ጊዜ ተላጭቷል። ከመገንጠያው ጀምሮ ሰረዞቹን አንድ በአንድ እየሸፈነ ወረደና በመጨረሻ ምሰሶው ፊት ተንበረከከ። ቢጫው ገና የአምናው ነው፤ አልደበዘዘም።

"ቀለም ነው?" አለች ከመስኮቱ።

"ቀለም ነው፣ ማዳም።"

"ዛሬስ ግራጫ ነው።"

"ምልክቱን እያነሳሁ ነው። ማኅበሩ መንገዱ በዚህ በኩል እንዳያልፍ ወስኗል። ከእንግዲህ የሚያስቸግርዎት ሰው አይኖርም።"

መስኮቱ ተዘጋ። በሩ ተከፈተ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በሩ ሲከፈት ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ሽርጥ አድርጋ፣ እጇ ዱቄት እንደሆነ፣ እስከ ምሰሶው ድረስ መጣች።

"ማን ለምኗችሁ?"

"እርስዎ። አሥራ አንድ ጊዜ።"

"እኔ መንገዱን አንሱ ብያለሁ? ኃላፊው ይምጣና ይይ ነው ያልኩት።"

"በየዓመቱ ለሊቀመንበሩ አስተላልፌያለሁ፣ ማዳም። የተላለፈበት ቀን ሁሉ ተመዝግቧል።"

"ለኮርባዝ?" ድምጿ ከፍ አለ። "እኔ ኮርባዝን ምን ላደርገው?"

ሌዮንስ ብሩሹን እንደያዘ ቀረ። ግራጫው ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

"ብሩሹን ያስቀምጡት" አለችው። "ይነሱ። እስኪ በአጥሩ ላይ አሻግረው ይመልከቱ። ባሮ ሽንኩርቱ የታለ?"

ተነስቶ ተመለከተ። ሣር አለ። የልብስ ማስጫ ገመድ አለ። ቼሪው ሥር አንድ ትንሽ ጠረጴዛና ሁለት ወንበሮች አሉ። ባሮ ሽንኩርት የለም።

"የለም" አለ።

"ኖሮም አያውቅም። አልወደውም፤ ሾርባ ውስጥ ገብቶ እንኳ ይሸተኛል።"

"ውሻውስ?"

"የቱ ውሻ?"

ሌዮንስ በየዓመቱ እዚህ ተንበርክኳል። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ሰረዝ ላይ ዓይኑን ቢያነሳ ኖሮ ያየው ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ ግን የሠላሳ ስምንት ዓመት ጸሐፊነቱ ቀደመውና፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ እንዲህ አለ፦

"ታዲያ አጥሩን ያሠራነው ለምንድን ነው? ይህ በማኅደሩ ላይ መታረም አለበት፣ ማዳም። ለማኅበሩ ማሳወቅ ይኖርብኛል።"

ማዳም ቫላድ አየችው። የእጇን ዱቄት ሽርጧ ላይ ጠረገች።

"ያሳውቁ" አለችና ገባች። በሩ ተዘጋ፤ ቀጥሎም የመስኮቶቹ መዝጊያዎች፣ አንድ በአንድ፣ አራቱም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ኖርቤር ካርታ ሊጫወት ሲመጣ ሌዮንስን ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንዱን ደብዳቤ ዘርግቶ አገኘው። መነጽሩን አውልቋል። ዓይኑ ቀልቷል።

"ሁሉንም ለየብቻ ነበር ያነበብኳቸው" አለ ሌዮንስ። "በዓመት አንድ፣ በዓመት አንድ። አንድ ላይ አንብቤያቸው አላውቅም።"

"እና?"

"ባሮ ሽንኩርቱ አንድ ጊዜ ነው ያለው። ውሻው አንድ ጊዜ። ጫጫታው አንድ ጊዜ። 'ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ነኝ' የሚለው ግን አሥራ አንድ ጊዜ።"

ኖርቤር ካርታውን ወደ ኪሱ መለሰ።

"እናንተ ታውቁ ነበር?" አለ ሌዮንስ።

"ዳቦ ሻጯ እንኳ ታውቃለች። ሴትየዋ ሐሙስ ገበያ በመጣች ቁጥር 'ያ ምሰሶ የሚያፈቅር ሰውዬ ደህና ነው?' ብላ ነው የምትጠይቀው።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ነግረንህማ ነበር። ፀሐይ ነው አልከን። ነፋስ ነው አልከን።"

ሌዮንስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አፍሮ ነበር፤ ከማፈሩም ይልቅ ያቃጠለው ዕድሜው ነው። አሥራ አንድ ዓመት በስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ላይና በሰባ አራት ዓመት ሰው ላይ እኩል አይደለም። አሥራ አንድ ክረምት ሁለቱም በየቤታቸው ብቻቸውን እንጨት ሲያነዱ ከርመዋል፤ በመሐላቸው የነበረው የአርባ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ያውም ቀላል የሚባለው።

"እሄዳለሁ" አለ።

"ተነስ ሂዳ! ምን ትጠብቃለህ?"

"ምክንያት የለኝም፣ ኖርቤር። ምልክቱ ጠፍቷል። ማኅበሩ ከእንግዲህ በዚያ በኩል ምንም ጉዳይ የለውም። ግራጫው መድረቁን ለማየት ብል፣ ግራጫ ቀለም በአንድ ሰዓት ይደርቃል፤ እሷም ታውቃለች። ሄጄ ምን እላለሁ?"

"ቋሊማ ይዘህላት ሂድ።"

"ቋሊማ ምክንያት ነው?"

"ለእኔ በቂ ምክንያት ነው" አለ ኖርቤር። ከዚያ ግን ሳቁን ተወና ትከሻውን ያዘው። "አንተ ደንቆሮ፣ ሴትየዋ አሥራ አንድ ጊዜ ሰበብ ፈጥራልሃለች። ሰበቧ አልቆባታል። አሁን ያለ ሰበብ የመሄድ ተራው ያንተ ነው።"

ሌዮንስ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልሄደም። በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ሁለት ጊዜ እስከ መገንጠያው ደርሶ ተመለሰ፤ ላም የሚያግዱ ሰዎች አይተውታል። በግንቦት መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ የቢሮ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ጣሳ አልያዘም። ብሩሽ አልያዘም። እጁን ምን እንደሚያደርገው ስላላወቀ አንዴ ከኋላ ያጣምረዋል፣ አንዴ ኪሱ ይከተዋል። ዳገቱን ሲወጣ ልቡ ድው ድው ይል ነበር፤ ዳገቱ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። መስኮቶቹ ተዘግተዋል። የቤቱ ጭስ ማውጫ ግን ይጨሳል።

በሩን አንኳኳ። ምሰሶውን ሳያይ አልፎ ነው ያንኳኳው።

"ማነው?"

"ሌዮንስ ነኝ።"

"የትኛው ሌዮንስ?"

በወረዳው ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው የለም። "ማዛል። የመንገዱ" አለ።

"መንገዱማ ተዘግቷል።"

"አውቃለሁ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

ከውስጥ እርምጃዋ ወደ በሩ ቀረበ።

"ማኅበሩ ልኮዎት ነው?"

"ማኅበሩ አያውቅም።" ይህን ማለት እንዴት እንደከበደው እሱን የሚያውቅ ይፍረድ።

"ታዲያ ለምን መጡ?"

ሌዮንስ አፉን ከፈተ። እንደ ልማዱ ምክንያት ፈለገ፤ የደጃፉን ድንጋይ አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። አንድም አላገኘም።

"እንዲሁ" አለ። "እንዲሁ ነው የመጣሁት።"

መወርወሪያው ከውስጥ ተሳበ።

"እንዲሁ ከሆነማ ግባ።"